መዝገቡ እንደ ችግሩ ይስፋ፣ እንደ ችግሩም ይጥበብ

(ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ላሊበላ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስንዴና ስለ ዘይት አይደለም፤ ስንዴውና ዘይቱ ለማን እንደ ደረሰ ስለሚነግረን መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ ክላውድ በሚባለው፣ ማለትም በሌላ ሥፍራ ተተክለው በኪራይ በምንገለገልባቸው ኮምፒውተሮች ላይ፣ እንዴት እንደሚቋቋም፣ ምን እንደሚጠቅምና ምን ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ትናንት ጥቂቶቻችን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ወጥተን ነበር። በዋሻ ውስጥ ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ፣ በነጭ ልስን ተለስኖ የታነጸው ያ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በአዘቦት ቀን ጸጥ ያለ ሥፍራ ነው። ጥቅምት 19 ቀን ግን መንገዱ በሕዝብ ይሞላል። ላሊበላም ለገና እንዲሁ ናት። አንድ ሰው ለገናው እንግዳ ሁሉ የሚበቃ ቤት ቢሠራ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ቤት ሲጠብቅ ይኖራል፤ ለአዘቦት ቀን ብቻ ቢሠራ ደግሞ እንግዳው ውጭ ያድራል። የእኛም መዝገብ ችግሩ ይኸው ነው።

እንደምታውቁት በላስታ የተረጂው ቁጥር ከወር ወር አንድ አይደለም። የበልግ ዝናብ ሲቀር፣ ወይም ክረምቱ ገብቶ ጎተራው ሲራቆት፣ ችግረኛው በአንድ ጊዜ ይበዛል፤ መኸር ሲሰበሰብ ይቀንሳል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሕዝብ ሥራ ለሚሳተፉት ቤተሰቦች በዓመት ለ6 ወራት ድጋፍ እንዲሰጥ መታቀዱ ይህንኑ ያሳያል። በአንዱ ወርም ውስጥ ቢሆን ሥራው የሚበረታው በምዝገባና በዕደላ ቀናት ነው፤ በተቀሩት ቀናት መዝገቡን የሚከፍተው ሰው ጥቂት ነው።

ከዓመታት በፊት ይህን ባለማሰባችን በደል ፈጽመናል። በቢሯችን ጥግ አንዲት ኮምፒውተር አስቀምጠን የተረጂዎቹን ስም ሁሉ በእርስዋ ላይ ጫንን። በዕደላው ጠዋት የየቀበሌው ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ሰዓት ዝርዝራቸውን ሲልኩና ሲጠይቁ ኮምፒውተርዋ ቆመች። ከሌሊት ጀምረው በእግራቸው የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እስከ ማታ ጠበቁ፤ ስማቸው ስላልተገኘ ባዶ ጆንያቸውን ይዘው ተመለሱ። እህሉ በመጋዘን ነበረ። የጠፋው መዝገቡ ብቻ ነበር።

መዝገብ ሲበላሽ የሚራበው ሰው መሆኑን አገራችንም በሰፊው አይታዋለች። የአሜሪካው ዩ.ኤስ.ኤድና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ዕርዳታው ለማይገባው እየዋለ ነው በማለት በሰኔ 2015 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታቸውን አቁመው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ሥራው ደረጃ በደረጃ ሲመለስ፣ ከተደረጉት ማሻሻያዎች አንዱ ተረጂዎችን በዲጂታል መንገድ መመዝገብ ነበር። ዩ.ኤስ.ኤድ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ራሱ ተዘግቷል። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚገኘው ገንዘብ ያነሰ፣ የሚጠየቀው ሒሳብ ግን የበለጠ ነው።

ታዲያ በራሱ የሚሰፋና የሚጠብ የመረጃ ቋት ማለት ምን ማለት ነው? ሰርቨርለስ ይሉታል፤ ሰርቨር የለውም ማለት ግን አይደለም። ሰርቨሩን የሚገዛው፣ የሚጠግነውና የሚያሳድገው አከራዩ ነው ማለት ነው። እኛ የተጠቀምንበት አውሮራ ሰርቨርለስ የተባለው የአማዞን አገልግሎት ነው። በእርሱ ዘንድ መረጃው የሚቀመጥበት ክፍልና ሥራውን የሚሠራው ጉልበት የተለያዩ ናቸው። መረጃው በ3 የተለያዩ ቀጠናዎች በ6 ቅጂ ይቀመጣል። ጉልበቱ ግን ጠያቂ ሲበዛ ይጨምራል፣ ሲያንስ ይቀንሳል፤ ኪራዩም በሠራው ልክ ይታሰባል። አሠራሩን በቅደም ተከተል እንመልከት።

አንደኛ፣ ሥፍራ መምረጥ ነው። አማዞን በአፍሪካ የመጀመሪያውን የክላውድ ማዕከል በ2012 ዓ.ም. በኬፕ ታውን ከፍቷል፤ ነገር ግን ቅርበት ብቻውን አይበቃም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ከአገር ውጭ ስለሚላክበት ሁኔታ ይደነግጋል። ስለሆነም አንድ ስም እንኳ ከመጫኑ በፊት የሕግ አዋቂና ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠየቁ። ካልተፈቀደ፣ በራሱ ባይሰፋም እንኳ በአገር ውስጥ ያለውን መጠቀም ይገባል።

ሁለተኛ፣ በሩን መዝጋት ነው። የመረጃ ቋቱ በግል መረብ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከምዝገባው ፕሮግራም በቀር ከውጭ ማንም አይግባበት። የይለፍ ቃሉ በአንድ ሠራተኛ ደብተር ወይም ስልክ ላይ አይጻፍ። መረጃው በምስጢር ቁልፍ እንዲቆለፍ የሚመረጠው ቋቱ በሚፈጠርበት ጊዜ ነው፤ ኋላ ባለበት ላይ መጨመር አይቻልም። የረሃብተኛ ዝርዝር ማለት ማን የት እንደሚኖርና ስንት ልጆች እንዳሉት የሚናገር ዝርዝር መሆኑን አንርሳ።

ሦስተኛ፣ ክላስተሩን መፍጠር ነው። ክላስተር የምንለው አብረው የሚሠሩ የመረጃ ቋቶችን ጥምረት ነው። አንዱ ይጽፋል፤ ሌላው በሌላ ቀጠና ሆኖ ያነብባል፤ ጻፊው ቢወድቅ አንባቢው ይተካዋል። እኛ ፖስትግረስ የተባለውን ዓይነት መርጠናል።

አራተኛውና ዋናው፣ ወለልና ጣሪያ መወሰን ነው። ጉልበቱ የሚለካው በክፍልፋይ ሲሆን፣ አንዱ ክፍል 2 ጊጋባይት ያህል የማስታወስ አቅም አለው፤ የሚጨምረውም በግማሽ በግማሽ ነው። ወለሉ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጠያቂ ሲጠፋ ቋቱ ይተኛል፣ የሚከፈለውም ለማስቀመጫው ብቻ ይሆናል። ሲቀሰቀስ 15 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ ከ24 ሰዓት በላይ ከተኛ ግን 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በዕደላ ቀን ጠዋት ሕዝቡ ሳይሰለፍ አስቀድሞ መቀስቀስ ያስፈልጋል። ጣሪያውን ደግሞ ያለ ገደብ መተው ኪስን ከፍቶ መተው ነው። እኛ ለዕደላ ሳምንት ወለሉን በግማሽ፣ ጣሪያውን በ8 ወስነናል። ከዚህም ጋር፣ ጣሪያው ሲነካና ወጪው ከበጀቱ ሲጠጋ መልእክት የሚልክ ማስጠንቀቂያ አድርገናል።

አምስተኛ፣ ክፍት የተተወ መስመር እንዳይኖር መጠንቀቅ ነው። በዚህም ተሳስተን ነበር። ለሙከራ የተከፈተ አንድ ፕሮግራም ከቋቱ ጋር ሳይላቀቅ ቀረና፣ ማንም ሳይሠራበት ወሩን ሙሉ ነቅቶ አደረ፤ እኛም የወሩን ኪራይ ከፈልን። ያ ገንዘብ ከእናንተ የተሰበሰበ ስለሆነ ልንሸሽገው አልወደድንም።

ስድስተኛ፣ መለማመድ ነው። ቋቱ በየጊዜው ራሱን ይገለብጣል፤ ቅጂውም ከ1 እስከ 35 ቀን እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። ሆኖም ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ አለ ብሎ መተማመን አይገባም። በየሦስት ወሩ ቅጂውን ወደ ሌላ ቋት መልሰን ስሞቹን እንቆጥራለን። ከእያንዳንዱ ትልቅ ዕደላ በፊትም የሁሉንም ቀበሌ ጥያቄ የሚያህል የውሸት ጭነት ልከን ቋቱ መስፋቱን እናያለን።

እዚህ ላይ የመረጃ ቋቱ በራሱ የማያስተካክላቸውን ሁለት ነገሮች እንጨምር። የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ይላል፣ ሌላው «ሀይሉ»፤ አንዱ «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሃይ»። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ስሙ ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይቀመጥ፤ ለመፈለጊያ ግን ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ አንድ ሆነው የሚታዩበት ሁለተኛ ዓምድ ይኑር። ሁለተኛው ድግምግሞሽ ነው። መረቡ ተቆራርጦ ስልኩ አንዱን ዕደላ ሁለት ጊዜ ቢልክ፣ አንዲት እናት ሁለት ጊዜ የወሰደች ትመስላለች። ስለሆነም እያንዳንዱ ዕደላ ከቀበሌው ስልክ ላይ ሳለ የራሱ የማይደገም ቁጥር ይሰጠው፤ ያው ቁጥር ዳግመኛ ሲመጣ ቋቱ አይቀበለው።

ከመካከላችሁ «መረቡ ሲጠፋስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ስልክም መብራትም ተቋርጦ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ እጅግ ሰፊ የሆነ የመረጃ ቋት ለዕደላ ጣቢያው ምንም አይፈይድም። ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፤ ዕደላው በክላውዱ ላይ አይደገፍ። ሙሉው የቀበሌ ዝርዝር ከዕደላው በፊት በስልኩ ላይ ይውረድ፤ ስልኩ ያለ መረብ ይሥራ፤ የታተመና የተፈረመበት ወረቀትም በሰብሳቢው እጅ ይኑር። መረቡ ሲመለስ፣ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይላካል። በራሱ የሚሰፋው ቋት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው፤ የብዙ ሳምንት ሥራ በአንድ ጠዋት ይጎርፍበታልና።

እንግዲህ ከእናንተ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። የአጥቢያ ተወካዮች ሆይ፣ ዝርዝሩ ከመጫኑ በፊት በሕዝብ ፊት ሲነበብ ተገኙ፤ የቀረውን ችግረኛና የማይገባውን ስም ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ያለ መረብ የሚደረገውን ልምምድ አትናቁ፤ ወረቀቱንም አትጣሉ። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ በወጪ ዝርዝራችን ላይ «የመረጃ ቋት ኪራይ» የሚል መስመር ስታዩ ከተራበው አፍ የተነጠቀ አይምሰላችሁ፤ በበዛበት ወር ከፍ፣ በቀለለው ወር ዝቅ ብሎ ካላያችሁት ግን ጠይቁን፤ መልስ ልንሰጣችሁ ይገባል።

ያን ቀን ባዶ ጆንያ ይዘው የተመለሱት እናቶች ስማቸው ዛሬ በመዝገቡ ውስጥ አለ። በሚቀጥለው ዕደላ ቀድመን የምንፈልገው የእነርሱን ስም ነው።