መዋቅርና ተግባቦት፦ አንድ ማብሪያ በአንድ ኩባንያ ውስጥ



ስለ ድርጅት መዋቅር ሲነሣ በአገራችን አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስለ ሥራ መደብ፣ ስለ ደረጃና ስለ ደመወዝ ነው። አዲስ መዋቅር ተጠና ሲባል ሠራተኛው «የት ተመደብኩ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ መዋቅር ማን ማንን እንደሚሰማ፣ የትኛውም መረጃ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀር ጭምር ይወስናል። ይህን ለማሳየት አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ ቀርቤአለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄኔራል ሞተርስ በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና መልሶ ጠራ። ችግሩ የሞተር ማስነሻው ማብሪያ ነበር። ከተወሰነለት መለኪያ በታች የላላ በመሆኑ የአሽከርካሪው ጉልበት ሲነካው ወይም ከቁልፉ ጋር የተንጠለጠለው ነገር ሲከብድ በጉዞ ላይ ሳለ ከቦታው ይንሸራተታል። ሞተሩ ይጠፋል፤ መሪውና ፍሬኑ አጋዥ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ከሁሉ የከፋው ግን ግጭት ሲደርስ ኤርባጉ አይከፈትም። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰዎች በዚሁ ምክንያት መሞታቸውን ተቀብሏል።

መኪናው በጉዞ ላይ እንደሚጠፋ ግን በኩባንያው ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ታዲያ ዕውቀቱ አሥር ዓመት የት ቆየ?

መልሱ በከፊል በአንድ ምደባ ውስጥ ይገኛል። መሐንዲሶቹ ጉዳዩን የመዘገቡት «የደንበኛ ምቾት» በሚለው ዘርፍ ነው። የደኅንነት ጉዳይ ተብሎ ቢሆን ኖሮ የማሻሻያው ወጪ ሚዛን ላይ ባልወጣ ነበር፤ የምቾት ጉዳይ በመባሉ ግን ወጪው ተሰላና ቀረ። መዳቢዎቹ ክፉ ሰዎች ስለ ነበሩ አይደለም። ኤርባጉ በማብሪያው ቦታ ላይ የሚመሠረት መሆኑን አላስተዋሉም፤ ኤርባጉ የሌላ ክፍል ሥራ ነበርና። በ2007 የዊስኮንሲን ግዛት የፖሊስ መኮንን ስለ አንድ አደጋ በጻፈው ሪፖርት ሁለቱን ነገሮች አያይዞ ነበር። ከውጭ የቆመ ሰው ያየውን የውስጥ ሰዎች አላዩም፤ ሪፖርቱ በኩባንያው መዝገብ ውስጥ ገብቶ እንኳ ለሚያስፈልጋቸው መሐንዲሶች አልደረሰም።

ሌላው ይበልጥ ያስገርማል። በ2006 ማብሪያው እንዲጠነክር ተደርጎ ተለወጠ፤ የዕቃው መለያ ቁጥር ግን እንደ ነበረ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡት መርማሪዎች የቆዩት ሞዴሎች ለምን ችግር እንዳለባቸው፣ አዲሶቹ ለምን እንደሌለባቸው ሊገባቸው አልቻለም፤ ወረቀቱ ዕቃው አንድ ነው ይላልና። ልዩነቱን ያወጣው ከሳሾች የቀጠሩት የውጭ ባለሙያ ነው። በትልቅ ድርጅት ውስጥ ሰው ከሰው ጋር ከሚነጋገረው ይልቅ ቅጽ ከቅጽ ጋር የሚነጋገረው ይበዛል፤ ቅጹ ሲሳሳት ሁሉም ይሳሳታል።

በ2014 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ሁለት የቤት ውስጥ አባባሎችን መዝግቧል። አንደኛው «የጄኔራል ሞተርስ ንቅነቃ» ነው፦ በስብሰባ ላይ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል፣ ሲወጣ ማንም አይፈጽምም። ሁለተኛው «ሰላምታ» ይባላል፦ ሁለት እጅን አጣምሮ ኃላፊነቱን ወደ ግራና ቀኝ ማመልከት። እኛ ደግሞ «ለሚመለከተው አካል ይተላለፍ» እንላለን። በ2008 ለሠራተኞች በተሰጠ ሥልጠና ላይም በጽሑፍ እንዳይጠቀሙባቸው የተመከሩ 69 ቃላት ተዘርዝረው ነበር፤ «እንከን» የሚለው ቃል ሳይቀር ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረ።

ይህ የባህል እንጂ የመዋቅር ችግር አይደለም የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ግን አንድ ጉዳይ በብዙ ኮሚቴዎች መካከል ሲዞርና ባለቤት ሲያጣ፣ ራስን መነቀንቅ ለእያንዳንዱ ተሰብሳቢ አነስተኛ ዋጋ የሚያስከፍል ምርጫ ይሆናል። ባህሉን ያበቀለው አፈር ይህ ነው።

ኩባንያው 15 ሠራተኞችን አሰናበተ፤ የተሽከርካሪ ደኅንነትን በበላይነት የሚመራ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሾመ። ሹመቱ መረጃ ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ ያሳጥራል። የማብሪያው መሐንዲስና የኤርባጉ መሐንዲስ ጎን ለጎን የሚነጋገሩበትን መንገድ ግን ሹመት ብቻውን አይከፍትም፤ በውይይታችን ልንመረምረው የሚገባን ይህንኑ ነው። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።