ሄልሜቱ ከራስ እንዳይወርድ
ለሰበካ ጉባኤና ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዛለች፤ ከዚያ ሰው ቢወድቅ ደሙ በባለቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። መኖሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ከታዘዘ፣ ቤተ መቅደስ ለምናሳንጽ ለእኛማ እንዴት አብልጦ አይገባንም? የሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዝዛል። በዚህ መሠረት ሄልሜት የገዛን አጥቢያዎች አለን። ነገር ግን ፀሐይ ሲበረታ ሄልሜቱ ከግንበኛው ራስ ወርዶ በምስማር ላይ ይሰቀላል። የተሰቀለ ሄልሜት ደግሞ ከመወጣጫው ላይ ከሚወድቅ ድንጋይ ማንንም አያድንም።

ሠራተኛውን ከመገሠጻችን በፊት ለምን እንደሚያወልቀው እንመርምር። ራሳችን የሚቀዘቅዘው ላቡ በነፋስ ሲደርቅ ነው። በሄልሜት ሥር ግን ነፋስ እንደ ልብ አይገባም፤ ላቡ ሳይደርቅ ወደ ዓይን ይወርዳል። ስለዚህ የሠራተኛው ምሬት እውነት ነው፤ መፍትሔውም ከቁጣ ይልቅ በኮሚቴው ዝግጅት ይገኛል።

አንደኛው ዝግጅት በሄልሜቱ ላይ ነው። ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ያለው ሄልሜት የፀሐይን ጨረር ስለሚመልስ ከጥቁር ይሻላል። በውጭው ቅርፊትና በውስጡ ጠፍር መካከል ያለው ክፍተት ነፋስ ያሳልፋል፤ ከላይ የሚወድቅ ነገር የሚያሳርፈውን ምትም ያበርዳል። በዚያ ክፍተት ፎጣ ወይም ሌላ ዕቃ መወተፍ ሁለቱንም ጥቅም ያሳጣል። ነፋስ እንዲገባ ብሎ ቅርፊቱን መብሳትም ያዳክመዋል። ሲሠራ ጀምሮ የነፋስ ቀዳዳ የተበጀለት ሄልሜት አለ፤ ይሁን እንጂ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ከግንባር በኩል ያለው ላብ መጣጭ ጨርቅ ዘወትር ይታጠብ፤ በውኃ የተነከረ ስስ ጨርቅም በማጅራት ላይ ቢደረግ ያቀዘቅዛል።

ሁለተኛው ዝግጅት ጥላና ውኃ ነው። ከላይ ምንም ነገር በማይወድቅበት ስፍራ የሸራ ዳስ ይተከል፤ ሠራተኛው ሄልሜቱን አውልቆ ራሱን የሚያናፍሰው በዚያ ይሁን። ማውለቂያ ስፍራ የተሰጠው ሰው በመወጣጫው ላይ አያወልቅም። በብርቱ ሙቀት የሚሠራ ሰው ጥማት ሳይጠብቅ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውኃ ሊጠጣ ይገባዋል።

በዚህ ላይ አባቶቼ፣ የእኛ ልዩ ኃላፊነት አለ። ዐቢይ ጾም በብዙው የሀገራችን ክፍል ፀሐይ በሚበረታበት ወራት ይውላል። የሚጾመው ግንበኛ እህልም ውኃም ሳይቀምስ ጣሪያ ላይ ይውላል። ይህን ሰው በጾሙና በሕይወቱ መካከል ምርጫ ውስጥ አናግባው። ከባዱ ሥራና የጣሪያው ሥራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ይከናወን፤ ከዚያ በኋላ በጥላ ሥር የሚሠራው ይቀጥል። የደከመ ወይም የታመመ ቢኖር የንስሐ አባቱ ቀርበው ይምከሩት፤ ይህ የካህን እንጂ የፎርማን ሥልጣን አይደለም።

ሠራተኛ ራሱን ቢያዞረው፣ ንግግሩ ቢዘበራረቅ ወይም ቢወድቅ፣ ወዲያው ወደ ጥላ ተወስዶ ሰውነቱ በውኃ ይቀዝቅዝ፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ተቋም ይድረስ። አእምሮው ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አይሰጠው።

ለሲሚንቶና ለብረት በጀት ስንይዝ ለዳሱ ሸራና ለውኃ መያዣው ጀሪካን የሚሆነውንም አብረን እንያዝ። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የዳሱን ስፍራ፣ የውኃውን ኃላፊና የጾም ወራት የሥራ ሰዓትን ወስናችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ሕንፃው በተመረቀ ቀን ያነጹት እጆች ሁሉ በጤና ቆመው እልል እንዲሉ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።