ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት
(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



መርዶ ሲመጣ ጡሩምባ ነፊያችን ዝም ብሎ አይወጣም። «ማን ነው የሞተው? ማን አየ? ቤተሰቡ ያውቃል ወይ?» ብለን ከጠየቅን በኋላ ነው የሚነፋው። በቁሙ ያለን ሰው ሞተ ማለት ነውር ነውና። ታዲያ ለጡሩምባው ያለን ጥንቃቄ ለወሬው ሲሆን የት ይገባል?

ባለፈው ክረምት ለአንዲት የሰፈራችን እናት «ልጅዎ በዓረብ አገር ሞተ» የሚል ወሬ ከነፎቶግራፉ በስልክ መጣ። ጎረቤት አለቀሰ፤ ድንኳን ሊተከል ምንም አልቀረው። ማታ ልጁ ራሱ ደወለ! ፎቶግራፉ የእሱ ነው፤ ሐሰቱ ከሥሩ የተጻፈው ነው። እናትዮዋ ግን ከዚያ ወዲህ ጤናቸው አልተመለሰም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በዘመን መለወጫው ዕለት፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያነሣው ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ግን እንዳለ አላሳየውም። በሚያልቀው ወገናችን መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ፣ ንጉሡም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ሥዕል እያስገባ ቀጠለበት። ብዙ ሰው አንጀቱ እያረረ አደረ። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ።

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ መደበቁም እውነት ነበር፤ ግብዣውም እንደዚሁ። ሥራው ያለው ቅጥያው ላይ ነው። ለየብቻ የተነሣ ሥዕል ጎን ለጎን ሲሆን ሌላ ነገር ይናገራል። «አሳዪው ማን ነው? ለምን ዛሬ?» የሚባለው ለዚህ ነው። ይኸው ደርግ በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር በሰሜን የነበረውን ረሃብ ሸሸገ። ዓለም በሰፊው የሰማው ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ የኮረምን ሥዕል ካሳየ በኋላ ነው። በረሃብ ያስለቀሰን፣ ረሃብን ደበቀን ማለት ነው።

እንግዲህ ሁሉን ማመን እንደሚጎዳ ሁሉ፣ ሁሉን ሐሰት ነው ማለትም የተራበን ያስረሳል። መድኃኒቱ መጠየቅ ነው፤ ማን አለው? መቼና የት ተነሣ? ሌላስ ማን መሰከረ? ከኛ መቆጣት ማን ይጠቀማል?

ድሮ በአራዳ ገበያ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር፣ የማን ቃል እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ከጊዮርጊስ እስከ ደጃች ውቤ ሰፈር ሁላችንም ነጋሪቱን በኪሳችን ይዘናል። አባቶች «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ያሉትን ይዘን፣ ሳናጣራ አንጎስመው።

ፈጣሪ እድራችንን ይጠብቅልን።