የአፖሎ 13 መመለስና የሬዲዮው ዝምታ



እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አፕሪል 17 ቀን 1970 አፖሎ 13 ወደ ምድር ሲመለስ የተነሣውን ፊልም ያየ ሰው ልቡን የሚይዘው ዝምታው ነው። መንኰራኵሩ በፍጥነት ሲወርድ፥ ከግለቱ የተነሣ በዙሪያው የሚነደው አየር የሬዲዮውን ሞገድ ይዘጋል። አፕሪል 13 ቀን የኦክሲጅን ታንኩ ፈንድቶ ነበርና፥ የሙቀት መከላከያውም ተሰንጥቆ ይሆን የሚል ሥጋት ነበረ። ዝምታው ከታሰበው በላይ ቆየ፤ ከሂዩስተን ቢጣሩ መልስ የለም።

በውስጡ ግን ላቬል፥ ስዋይገርትና ሄይዝ እርስ በርሳቸው ይሰማማሉ። በብርዱ ምክንያት በክፍሉ የተጠራቀመው የውሃ ጠብታ፥ ፍጥነቱ ሲቀንስ እንደ ዝናም ወረደባቸው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ያን ጊዜ ጭንቁ የባሰው በምድር ለሚጠብቁት ነው። እነዚያ (አልፈሩም ማለቴ አይደለም) በሕይወት መኖራቸውን ያውቁ ነበር። በመጨረሻ ስዋይገርት መለሰ፤ ሦስቱም ዣንጥላዎች በፓሲፊክ ሰማይ ላይ ተዘረጉ።