ወተት የማይስማማው ልጅና አጥንቱ



ከገበያ ስመለስ አንዲት እናት አስቆሙኝና፣ «ዶክተር፣ ልጄን የላም ወተት በቀመሰ ቁጥር ያስታውከዋል፤ እግሩ ይጎብጥብኝ ይሆን?» አሉኝ። (ዶክተር አይደለሁም፤ ጤና መኮንን ነኝ።) ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። አጥንት የሚጠነክረው ካልሲየም በሚባል ማዕድን ነው፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ሕፃንም በቀን 500 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ካልሲየም ከላም ብቻ አይገኝም።

የእናቱን ጡት የሚጠባ ከሆነ እስከ 2 ዓመቱና ከዚያም በላይ አታስጥሉት። «የላሙ እንቢ ካለው የፍየሉን ስጡት» የሚሉ አሉ፤ የፍየሉም ብዙውን ጊዜ ያንኑ ያደርገዋልና አትሞክሩት። ይልቅስ ጐመንና ሽፈራው በየጓሮው አለ። ቅጠሉን ሳትከትፉ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ በጥቂት ውሃ ቀቅሉት፤ ውሃውንም አትድፉት። ቆስጣን ግን ለዚህ ነገር አትቁጠሩት፤ ያለውን ካልሲየም አስሮ ስለሚይዝ ለልጁ አይደርሰውም። የጤፍ ገንፎም መልካም ነው፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ150 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አለው። ቆጮ ብቻውን አይበቃም።

ደግሞስ ፀሐይ ካላገኘ የበላው ካልሲየም መች ወደ አጥንቱ ይገባል? የሰው ዓይን ፈርታችሁ ጓዳ አትሸሽጉት። ጠዋት ልብሱን አውልቃችሁ ለጥቂት ጊዜ አሙቁት፤ በጨርቅ ተሸፍኖ የሞቀ አልሞቀም።

እኚያን እናት፣ «ነገ ጤና ጣቢያ ያምጡት፤ እግሩንም አየዋለሁ፣ ክብደቱንም እንመዝናለን» ብያቸዋለሁ።