በተክል ውስጥ ስለሚኖር ሻጋታ ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተነገረ ቃል

በመቂ ወንዝ ዳር የቆመውን ግራር የሚያይ ሰው፥ ዛፉ ብቻውን የቆመ ይመስለዋል። ነገር ግን የተክል ሊቃውንት በየአገሩ መርምረው እንዳገኙት፥ በተክል ቅጠል፥ ግንድና ሥር ውስጥ በዐይን የማይታይ ረቂቅ ሻጋታ ይኖራል። ይህ ሻጋታ ተክሉን ሳያሳምም ከእርሱ ምግብ ያገኛል፤ አንዳንዱም ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ያመነጫል።

የሻጋታ መድኃኒትነት በሰፊው የታወቀው በፔኒሲሊን ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በሎንዶን ባክቴሪያ ባሳደገበት ሳሕን ላይ ሻጋታ በቅሎ፥ በዙሪያው ያለው ባክቴሪያ ጠፍቶ አየ። በ1941 በኦክስፎርድ እነ ፍሎሪና ቼይን ያጣሩት መድኃኒት ቍስሉ ለሞት ላደረሰው ለአንድ ፖሊስ ተሰጠው። ሰውዬውም እየዳነ ሳለ መድኃኒቱ አለቀና ሞተ።

ያ ሻጋታ ከተክል ውስጥ የወጣ አልነበረም። ከተክል ውስጥ ከተገኙት አንዱ፥ ጋሪ ስትሮብልና ባልንጀሮቹ በ2001 የገለጹት ሙስኮዶር አልቡስ ነው። የተገኘው በሆንዱራስ አገር ከቀረፋ ዛፍ ሲሆን፥ ከእርሱ የሚወጣው እንፋሎት ብዙ ባክቴሪያና ሌላ ሻጋታ ይገድላል።

አመራመሩም እንዲህ ነው። የቅጠሉ ላይኛ ገጽ በአልኮልና በበረኪና ይጸዳል፤ ከዚያም ተቈርጦ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ይቀመጣል። ከተቈረጠው አፍ የሚበቅለው ከውስጥ የነበረው ነው። በባክቴሪያ አጠገብ ሲያኖሩት በዙሪያው ንጹሕ ክብ ቢታይ ኀይል እንዳለው ይታወቃል። ባክቴሪያ የሚገድል ኹሉ ግን ለሰው መድኃኒት አይሆንም፤ የሰውንም ሥጋ ሊጐዳ ይችላልና።

ይህ ምርመራ የሚያስፈልገው፥ ባክቴሪያ የቀድሞውን መድኃኒት እየለመደ ስለ ሄደ ነው። በ2019 በዓለም ኹሉ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ምክንያት እንደ ሞቱ ሊቃውንት ገምተዋል።

ስለዚህ መምህራን ሦስት ነገር ያስተምሩ። አንደኛ፥ ማንም ሻጋታ ፍቆ በቍስል ላይ አያድርግ፤ የሻገተ በቈሎም አይብላ፤ ጕበት የሚጐዳ መርዝ ሊኖርበት ይችላልና። ኹለተኛ፥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ፤ የታዘዘውም እንደ ታዘዘ ይወሰድ። ሦስተኛ፥ ሽማግሌዎች ግራሩን ለከሰል ከሚቈርጠው እጅ ይጠብቁ። አንድ የዛፍ ዘር ፈጽሞ ሲጠፋ፥ በእርሱ ብቻ የሚኖረው ሻጋታ ሳይታወቅ አብሮ ይጠፋልና።