ስለ አነስተኛ የመስክ መኪናዎች መስታወት አለዋወጥ



መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን ያስነሣል፤ ጎማውን ይረግጣል፤ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል። መስታወቱን የሚመረምር ገዢ ግን እምብዛም አይገኝም። መስታወት የሚታወሰው የተሰነጠቀ ዕለት ነው። ያን ዕለት ባለቤቱ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስንት ብር ይፈጃል? መቼስ ይደርሳል? የዚህ ንግግር ጉዳይ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ምክንያቱም በዚህ ሥራ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለው ከመስታወቱ ዋጋ ይልቅ መስታወቱን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ማጣበቂያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ማስቲሹ፣ ለመጠንከር በሚፈልገው ሰዓት ላይ ስለሆነ ነው።

ለምሳሌ የሚወሰደው ቶዮታ ራቭ ፎር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ የቀረበው ይህ አነስተኛ የመስክ መኪና እንደ ላንድክሩዘር ራሱን በቻለ ሻንሲ ላይ የተጫነ ሳይሆን አካሉና ሻንሲው አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በብዛት ይታያል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ስለ ተከለከለ፣ ዛሬ በአገር ውስጥ ያሉት ራቭ ፎሮችና ቪታራዎች ገና ለብዙ ዓመታት ማገልገላቸው አይቀርም። ከፊት የሚሄደው የጭነት መኪና ጎማ ጠጠር መወርወሩን እስካልተወ ድረስም አንዱ መኪና በዕድሜው ሁለትና ሦስት ጊዜ መስታወት መለወጡ የሚጠበቅ ነው።

በአንድ መኪና ላይ ያሉት መስታወቶች በዓይን ሲታዩ ይመሳሰሉ እንጂ በባሕርያቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። የፊተኛው ድርብ ነው። ይኸውም እያንዳንዳቸው ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጉ ሁለት መስታወቶች፣ በመካከላቸው በአብዛኛው 0.76 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፖሊቪኒል ቡቲራል የሚባል ግልጽ ፕላስቲክ ገብቶ በሙቀትና በግፊት የተጣመሩ ናቸው። የሐሳቡ ጀማሪ ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ሲሆን፣ ከመደርደሪያ የወደቀ የላቦራቶሪ ጠርሙስ ተሰነጣጥቆ ሳይበታተን መቅረቱን አይቶ እንደ ተነሣሣ ይነገራል። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ድርብ መስታወት ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። ስንጥቁ ትንሽ ከሆነ፣ ከጠርዝ ካልደረሰና በሾፌሩ የዓይን መስመር ላይ ካልዋለ፣ ልዩ ሙጫ በማስገባት መጠገን ይቻላል። ብርድ ባደረበት መስታወት ላይ የሞቀ አየር በድንገት ሲለቀቅበት ግን ትንሹ ስንጥቅ በአንድ ጠዋት ከዳር እስከ ዳር ሊሮጥ ስለሚችል፣ ጥገናው ለነገ የሚባል አይደለም።

የጎንና የኋላ መስታወቶች በአብዛኛው ነጠላ ናቸው። አንጥረኛ ብረት ውኃ እንደሚያጠጣ ሁሉ፣ እነዚህም ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋሉ በኋላ በአየር ግፊት በድንገት እንዲቀዘቅዙ ስለሚደረግ፣ ላይኛው ገጻቸው በጭመቃ፣ ውስጣቸው በውጥረት ተይዞ ይኖራል። በዚህም የተነሣ ጠንካራ ናቸው፤ ሲሰበሩም እንደ በቆሎ ፍሬ ይረግፋሉ እንጂ እንደ ቢላዋ አይሾሉም። ከተሠሩ በኋላ ግን ሊቆረጡም ሊበሱም አይችሉም። ጠፍጣፋ መስታወት ላለው አሮጌ መኪና ከቤት መስኮት መስታወት ቆርጦ መግጠም ለኪስ ይመች ይሆናል፤ በግጭት ጊዜ ግን አንገትና ፊት የሚቆርጠው ይኸው ነው። የራቭ ፎር የጎን መስታወት ጎበጥ ያለ በመሆኑ ይህን ብልሃት አለመፍቀዱ እንደ በጎ ነገር ሊቆጠር ይገባል።

አሁን በጋራዦች የሚታየውን የጥድፊያ ልማድ ለመረዳት ወደ ቮልስ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። የቮልስዋገን የፊት መስታወት የሚያዘው በጎማ ክፈፍ ነበር። ባለሙያው በጎማው ከንፈር ውስጥ ሲባጎ ይዘረጋል፤ ሳሙና ይቀባዋል፤ አንዱ ከውጭ መስታወቱን ሲጫን ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ይስባል፤ ጎማውም የብረቱን ጠርዝ ተሻግሮ ቦታውን ይይዛል። ሥራው አለቀ ሲባል በእርግጥ አልቋል፤ መኪናው በዚያው ቅጽበት ሊሄድ ይችላል። ከዚህ መስታወት የሚጠበቀውም በዋነኛነት ነፋስና ዝናብ እንዲከላከል ነበር። በዚያ ሥራ የሠለጠነ ጌታ ለደቀ መዝሙሩ ያስተላለፈው እጁን ብቻ ሳይሆን የሰዓት ልማዱንም ጭምር ነው። መስታወቱ ተለውጧል፤ አያያዙም ተለውጧል፤ ሰዓቱ ግን የቮልስ ሰዓት ሆኖ ቀርቷል።

የራቭ ፎር የፊት መስታወት መጋረጃ አይደለም፤ የአካሉ አንድ ክፍል ነው። ዙሪያውን በፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ ከብረቱ ጋር ስለ ተያያዘ የፊተኛውን ክፈፍ ያጠነክራል፤ መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ያግዛል፤ ተሳፋሪው ወደ ውጭ እንዳይወረወር ይይዛል። ከዚህም በላይ በብዙ መኪናዎች በተሳፋሪው በኩል ያለው የአየር ከረጢት የሚነፋው ወደ ላይ ሆኖ፣ መስታወቱን ተደግፎ ነው ወደ ሰውየው የሚመለሰው። ድጋፉ ከሌለ ከረጢቱ መስታወቱን ገንጥሎ ይወጣል፤ ተሳፋሪውም ባዶውን ይቀራል። የአሜሪካ ፌዴራል የመኪና ደኅንነት ደንብ ቁጥር 212፣ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ከግድግዳ ጋር በሚደረግ የግጭት ሙከራ፣ የፊተኛው መስታወት ከዙሪያው ቢያንስ 75 በመቶው ከአካሉ ጋር ተያይዞ እንዲቀር ያዛል። እንደ አየር ከረጢት ያለ በራሱ የሚሠራ መከላከያ ላላቸው መኪናዎች መለኪያው በግራና በቀኝ በየወገኑ ቢያንስ 50 በመቶ ነው። ይህ ሁሉ የሚመዘነው በማጣበቂያው እንጂ በመስታወቱ አይደለም።

ማጣበቂያው እንዴት ይጠነክራል? አብዛኛው ሰው፣ አንዳንድ ባለሙያም ጭምር፣ እንደ ጭቃ ወይም እንደ ቀለም በፀሐይ የሚደርቅ ይመስለዋል። ነገሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። በተለምዶ የሚሠራበት ባለ አንድ ቱቦ ፖሊዩሪቴን የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ነው። በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የተባለው የኬሚካል ክፍል ከውኃ ተን ጋር ሲገናኝ ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ሙቀት ይህን ሥራ ያፋጥነዋል፤ እርጥበት ከሌለ ግን ሙቀት ብቻውን የሚያፋጥነው ነገር የለውም። ጥንካሬው ከውጭ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አምራቾች የሚጽፉት ሰዓት ብዙውን ጊዜ 23 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለበት ክፍል የተለካ ነው። በዚያ ሁኔታም ቢሆን በ24 ሰዓት የሚጠነክረው ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲህ አይደሉም። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቀኑ ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። ባለቤቱ «ሰማዩ ጠራ፣ ፀሐዩ በረታ፣ ቶሎ ይደርቃል» ብሎ የሚደሰትበት ወራት ለማጣበቂያው እጅግ የሚዘገይበት ወራት ነው። በአንጻሩ የክረምቱ አየር ይስማማዋል። በክረምት አደጋው ሌላ ነው፤ በብረቱ ወይም በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ያረፈች የዝናብ ጠብታ ማጣበቂያው እንዳይዝ ስለምታደርግ፣ ጣሪያ በሌለው ግቢ መሥራት አይገባም።

መኪናውን ለማንቀሳቀስ የሚበቃው ጥንካሬና ፍጹሙ ጥንካሬ አንድ አይደሉም። በ1 ሰዓት ውስጥ ለመንዳት የሚያበቃ የማጣበቂያ ዓይነት አለ፤ ብዙ ሰዓት የሚጠይቅም አለ። ሁለቱ በቀለምም በሽታም አይለዩም፤ የሚለያቸው በቱቦው ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። በጋራዥ በር ላይ የሚሰማው ንግግር ግን ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል።

«ጋሼ፣ ዛሬ እዚሁ ይደር። ነገ በ4 ሰዓት ይምጡና ይውሰዱት» ይላል ወጣቱ ባለሙያ።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ? ተጣብቆ የለም እንዴ! ይኸው ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ያምጣልኝ?»

በእጅ የተገፋው መስታወት አለመነቃነቁ እውነት ነው። የአየር ከረጢት ግን እንደ እጅ አይገፋም፤ ከ30 እስከ 50 በሚደርሱ የሰከንድ ሺኛ ክፍልፋዮች ውስጥ ተነፍቶ ያልቃል። ባለቤቱ ለልጆቹ ብሎ የሚጣደፍበት ጉዞ መስታወቱ ከምን ጊዜውም ይልቅ የማይታመንበት ጉዞ ነው። ወጣቱ ይህን ያውቃል። ነገር ግን እንቢ ካለ ደንበኛው ወደ ቀጣዩ ጋራዥ እንደሚሄድ፣ እዚያም «ይውሰዱት» እንደሚባል ጭምር ያውቃል። ስለዚህ ቁልፉን ይሰጣል። ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ መጫን ትክክል አይሆንም፤ ብቻውን ሊቋቋመው የማይችለውን ነገር ነው የተሸከመው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ነጥቦችን ማንሣት ያስፈልጋል። አሮጌው ማጣበቂያ በቢላዋ ወይም በቀጭን ሽቦ ሲቆረጥ ከብረቱ ላይ ሙልጭ ብሎ መነሣት የለበትም። ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሆን ንብር ይቀራል፤ አዲሱ ማጣበቂያ ከምንም ይልቅ ይህን ንብር አጥብቆ ይይዛል። ቢላዋው ቀለሙን የፋቀበት ቦታ ሁሉ የተወሰነለትን ፕራይመር መቀባት አለበት። ካልተቀባ ዝገት ከሥር ይጀምራል፤ ዝገቱም ማጣበቂያውን ከብረቱ ላይ ያነሣዋል። ይህ ከውጭ ስለማይታይ ጉዳዩ የሚታወቀው ዝናብ ወደ ውስጥ ሲገባ ወይም መኪናው ሲጋጭ ነው። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጥቁር መስመር ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ማጣበቂያውን ከፀሐይ ጨረር ይከላከላል። ሲሊኮን በፖሊዩሪቴን ቦታ ፈጽሞ አይገባም። ቀድሞ ሲሊኮን የተቀባ ጠርዝ ደግሞ በደንብ ካልጸዳ በኋላ የሚመጣውን ሥራ ሁሉ ያበላሻል። ማጣበቂያው ሳይቋረጥ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይዞ ዙሪያውን ይፈስሳል፤ ገጹ ቆዳ ሳያወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መስታወቱን ሁለት ሰዎች በመሳቢያ ጎማ ይዘው ያስቀምጡታል። ከዚያ በኋላ የሚለጠፈው ፕላስተር መስታወቱ እንዳይንሸራተት ይይዛል እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም።

ከሶማሌ ተራ የሚገዛ ያገለገለ የፊት መስታወት ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ሲነቀል ጠርዙ የተነካ መሆን አለመሆኑ በጣት እየተዳሰሰ ሊመረመር ይገባል፤ ስንጥቅ የሚነሣው ከጠርዝ ነውና። በማዕዘኑ ላይ ያለው ማኅተምም ይነበብ። በክብ ውስጥ ያለው የላቲን «ኢ» ፊደል ከቁጥር ጋር ሆኖ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ያመለክታል፤ 1 ቁጥር ጀርመን፣ 43 ቁጥር ጃፓን ነው። ከአጠገቡ የሚታየው 43 ቁጥር «አር» ከሚለው ፊደል ጋር የተባበሩት መንግሥታት የመስታወት ደንብ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን 43ቶች ያደባልቃቸዋል።

የጎን መስታወት ለመለወጥ የበሩ ገበር ይፈታል፤ ፍርፋሪው እስከ መጨረሻው ይጠረጋል፤ አዲሱ ከማንሻው ጋር ይታሰራል። የሚረሳው በበሩ ሥር ያሉት ትናንሽ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ናቸው። በፍርፋሪ ከተደፈኑ ውኃ ያቁራሉ፤ በሩም ከውስጥ ይዝጋል። የኋላው መስታወት የጭጋግ ማስለቀቂያ ሽቦዎች ስላሉት ገመዱ መገናኘቱ ይፈተናል። እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ በተሠሩት ራቭ ፎሮች የኋላው በር ወደ ጎን የሚከፈትና ብዙውን ጊዜ ስኮርታ ጎማውን የተሸከመ ከባድ በር ነው። ሁሉም መስኮት ተዘግቶ ይህ በር በኃይል ከተመታ፣ በውስጥ የሚታመቀው አየር ገና ያልጠነከረውን ማጣበቂያ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለሆነም መስታወት የተለወጠለት መኪና ሲያድር አንድ መስኮት በጣት ስፋት ያህል ክፍት ይተዋል።

እ.ኤ.አ. ከ2016 ሞዴል ወዲህ በብዙ ራቭ ፎሮች፣ እንዲሁም አሁን በሚገቡት እንደ ፎልክስዋገን አይዲ ፎር ባሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎች፣ ከፊት መስታወቱ ጀርባ መንገዱን የሚመለከት ካሜራ አለ። መኪናው በራሱ ፍሬን እንዲይዝ የሚያዝዘው ይኸው ካሜራ ነው። መስታወቱ ሲለወጥ ካሜራው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዞር በ50 ሜትር ርቀት ላይ ስሕተቱ ወደ 87 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ የጎረቤቱን መሥመር መኪና ከፊት ያለ አድርጎ ለማየት የሚበቃ ነው። ስለዚህ በተስተካከለ ወለል ላይ፣ በተለካ ርቀት በቆመ ሰሌዳ፣ ወይም አምራቹ በፈቀደው ሌላ መንገድ እንደ ገና መቃናት አለበት። አንዳንዱ ዓይነት የሚቃናው የመንገድ መሥመር ባለበት ጎዳና ላይ በመንዳት ነው። ቀለሙ በጠፋበት አስፋልት ላይ ይህን መሞከር ግን ነዳጅና ጊዜ ማባከን ነው።

ማኅበሩ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ከባድ አይደለም። በሁሉም ጋራዦች ዘንድ አንድ ዓይነት የሆነ የግማሽ ገጽ ወረቀት ቢዘጋጅ፣ ወጣቱ ባለሙያ ከደንበኛው ጋር ብቻውን አይከራከርም። በወረቀቱ ላይ የማጣበቂያው ስምና የአገልግሎቱ ማብቂያ ቀን ይጻፋል፤ ያልተከፈተ ቱቦ እንኳ በአብዛኛው ከ1 ዓመት በላይ አይቆይምና። ቀጥሎ መስታወቱ የተቀመጠበት ሰዓት፣ የክፍሉ ሙቀትና እርጥበት፣ በመጨረሻም መኪናው ሊንቀሳቀስ የሚችልበት ሰዓት ይሞላል። ሙቀትንና እርጥበትን አንድ ላይ የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ በግድግዳ ላይ ማንጠልጠል ለማንኛውም ጋራዥ የሚከብድ ወጪ አይደለም። ወረቀቱ በመሪው ላይ ይታሰራል፤ ቁልፉም የተጻፈው ሰዓት እስኪደርስ በጋራዡ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል።